የእንቆቅልሽ ካርድ ጨዋታ ሱቅ ልናስገባ ነው፤ ከፖስተር፣ ከመደርደሪያ ካርድና ከባንኮኒ ማሳያ የቱን እናስቀድም?

ትርንጎ፦

ጤና ይስጥልኝ። 108 ካርድ ያለው የእንቆቅልሽ ጨዋታ አዘጋጅተን ካርዶቹ ማተሚያ ቤት ገብተዋል። ፓኬቱና የሱቅ ማስታወቂያው ግን ገና ረቂቅ ላይ ነው። ልኩ ይኸው፦ ካርዱ 63 በ88 ሚ.ሜ.፣ ወረቀቱ በካሬ ሜትር 310 ግራም፣ ፓኬቱ ተዘግቶ ከውጭ ሲለካ 66 በ91፣ ውፍረቱ 36 ሚ.ሜ.። ከ2 እስከ 6 ሰው ይጫወተዋል፣ 20 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፣ ዕድሜው ከ10 ዓመት በላይ ብለናል።

አጨዋወቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አንዱ «እንቆቅልሽ» ሲል ሌላው «ምን አውቅልህ» ይላል፤ መልሱ ከጠፋው «አገር ስጠኝ» ይባልና የአገር ካርድ ያስረክባል። ብዙ አገር የሰበሰበ አሸነፈ።

የመጀመሪያው ዙር 500 ፓኬት ነው። 400ው አዲስ አበባ ይቀራል፤ ሁለት መጻሕፍት መደብር፣ አንድ ሱፐርማርኬትና አንድ የስጦታ ዕቃ ሱቅ እንቀበላለን ብለዋል። 100ው ወደ ዋሽንግተን አካባቢ የሐበሻ ሱቆች ይሄዳል። ዲዛይነራችን በኤ2 ፖስተርና በሮል አፕ (ተዘርግቶ በሚቆም ባነር) እንጀምር ይላል፤ በጀቱ ደግሞ ለሁሉም አይበቃም። የፓኬቱ ፊት ላይ አሁን ያለው ጽሑፍ «እንቆቅልሽ፦ አዝናኝና አስተማሪ የቤተሰብ ካርታ» የሚል ነው። ምን እናስቀድም? ልኩስ ስንት ይሁን? አማርኛው ሲታተም እንዳይበላሽ ምን እናድርግ?


መደርደሪያ_ፊት፦

ትርንጎ፣ ፖስተሩን ወደ መጨረሻ፣ ሮል አፑን ጭራሽ ወደ ባዛር አስተላልፉት። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የሱቁ ግድግዳ የእናንተ አይደለም። ኤ2 ፖስተር 42 በ59.4 ሳንቲ ሜትር ነው፤ መጻሕፍት መደብር ውስጥ ያን ያህል ባዶ ግድግዳ ካለ ባለቤቱ መደርደሪያ ይሠራበታል። በር ላይ ቢለጠፍም የሚያየው ገና ያልገባ ሰው ነው፤ ገብቶ ዕቃውን የት እንደሚያገኘው አይነግረውም። ገንዘቡን ያለ ርኅራኄ በዚህ ቅደም ተከተል አውጡት፦ የፓኬቱ ስድስት ገጾች፣ ክፍት ናሙና፣ የመደርደሪያ ካርድ፣ የባንኮኒ ማሳያ፣ ለባለ ሱቁ የሚሰጥ አንድ ገጽ። ከተረፈ ፖስተር።

ከፓኬቱ ፊት ልጀምር፣ ትልቁ ችግር እዚያ ነውና። «አዝናኝና አስተማሪ የቤተሰብ» የሚለው ለሉዶም፣ ለዳማም፣ ለተረት መጽሐፍም ይሆናል። ገዢው ሊያውቅ የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ ምንድን ነው? ለስንት ሰው ነው? እነማን ይጫወቱታል? እጃችሁ ላይ ያለውን ምርጥ ቃል ደግሞ ለደንቡ ወረቀት አስቀምጣችሁታል። የጨዋታው ስም «አገር ስጠኝ» መሆን ነበረበት። ያነበበው ሁሉ ልጅነቱ ትዝ ይለዋል፣ ቀሪውን ራሱ ይጨርሰዋል።

ልኩን አስሉት። ፊቱ 66 ሚ.ሜ. ነው፤ ከግራና ከቀኝ 4፣ 4 ብትተዉ 58 ይቀራል። «አገር ስጠኝ» በአንድ መስመር ሲጻፍ ስድስት ፊደልና አንድ ክፍተት ነው፤ እያንዳንዱ ፊደል 9 ሚ.ሜ. ገደማ ያገኛል። «አገር» ከላይ፣ «ስጠኝ» ከታች ብታደርጉት ግን በአንድ መስመር ሦስት ፊደል ብቻ ስለሚኖር እያንዳንዱ ወደ 19 ሚ.ሜ. ያድጋል። ያው ወረቀት፣ ያው ቀለም፣ ፊደሉ እጥፍ። 25 ሚ.ሜ. ፊደል ከ3 ሜትር ሳያስቸግር ይነበባል፤ 19ኙ ከ2 ሜትር በላይ ይደርሳል፣ የመጻሕፍት መደብር መተላለፊያ ደግሞ ከዚያ አይሰፋም። «እንቆቅልሽ» ከሥሩ በትንሹ ይግባ።

«ካርታ» የሚለውን ቃል አውጡት። ሁለት ችግር አለው። አንደኛ፣ ከ«አገር» ጎን ሲቆም የጂኦግራፊ ካርታ ይመስላል። ሁለተኛ፣ ካርታ ሲባል ቁማር የሚታየው ወላጅ ብዙ ነው፤ ለልጁ ሊገዛ ያነሳውን መልሶ ያስቀምጣል። «የካርድ ጨዋታ» በሉት። ፎቶው ላይም ካርዶቹን በእጅ እንደ ማራገቢያ ዘርግታችሁ አታሳዩ፤ ያው ቁማር ነው የሚመስለው። አንድ እጅ አንድ ካርድ ለሌላ እጅ ሲያቀብል ይታይ። እጅ መኖሩ የካርዱን ልክም ይናገራል።

«ስጠኝ» ለወንድ ነው፣ ለሴት «ስጪኝ» መሆን አለበት የሚል ይመጣል። ፊቱ ላይ አትንኩት፤ ቃሉ እንደ ስም የቆመ ነው። ደንቡን ስትጽፉ ግን «ጠያቂው ያነባል፣ ተጠያቂው ይመልሳል» እያላችሁ ሂዱ፤ አያትም የልጅ ልጅም እኩል ያነቡታል።

ከዚያ ሦስቱ ቁጥሮች፦ 2–6 ሰው፣ 20 ደቂቃ፣ ከ10 ዓመት በላይ። ከፊቱ ግርጌ በአንድ መስመር ይሁኑ። ስሙ በአራቱም ጎን ይደገም፤ ባለ ሱቁ አጋድሞ ሲደራርባቸው የሚታየው 36 ሚ.ሜ. የሆነው ጎን ብቻ ነው። የላይኛው ክዳን ላይም ይግባ።

ጀርባውን ስትሠሩ የዋጋ ስቲከሩን አስቡት። ብዙ ሱቆች የራሳቸውን ኮድና ዋጋ በስቲከር ይለጥፋሉ፤ ቦታ ካልተዋችሁላቸው የጨዋታው ማብራሪያ ላይ ያርፋል። ከግርጌ 40 በ30 ሚ.ሜ. ነጭ ሣጥን ተዉና ባርኮዳችሁን እዚያው ውስጥ አስገቡት። የሚሸፈነው ባርኮዱ ብቻ ይሆናል፤ እነሱም የሚፈልጉት ያንኑ መሸፈን ነው።


ፊደል_ለቃሚ፦

ስለ ፊደሉ እኔ ልመልስ። አማርኛ ሕትመት ላይ የሚበላሽባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው።

የመጀመሪያው የኃምስ ቀለበት ነው። «ቤ» ከ«ቢ» የሚለየው እግሩ ላይ ያለችው ቀለበት ክፍት በመሆኗ ነው። ፊደሉ ሲያንስና ቀለሙ ወረቀቱ ላይ ሲሰፋ ቀለበቷ ትደፈናለች፤ «ቤት» የነበረው «ቢት» ይመስላል። በጠቆረ ጀርባ ላይ ነጭ ፊደል ሲሆን ደግሞ ተቃራኒው ይመጣል፤ ቀለሙ ከዳር ወደ ውስጥ ገብቶ ቀጭኑን መስመር ይበላዋል። ስለዚህ በነጭ ላይ ጥቁር ከ8 ነጥብ (የፊደል መጠን መለኪያ ነው)፣ በጥቁር ላይ ነጭ ከ10 ነጥብ አትውረዱ፤ ነጩ ወፈር ያለ ይሁን። ያልተሸፈነ ሻካራ ወረቀት ላይ ከሆነ አንድ ነጥብ ጨምሩ።

ሁለተኛው የውሸት ቦልድ ነው። ናይላና አቢሲኒካ ኤስአይኤል የሚባሉት ፎንቶች አንድ ውፍረት ብቻ ነው ያላቸው። ዲዛይነሩ የማወፈሪያዋን «B» ቁልፍ ሲጫን ፕሮግራሙ ፊደሉን ዙሪያውን ያሳብጠዋል፤ ቀለበቶቹ ኮምፒውተሩ ላይ ሳሉ ገና ይደፈናሉ። ለርዕስ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ተጠቀሙ፤ ከቀጭን እስከ ጥቁር ዘጠኝ ውፍረት አለው፣ ነጻ ነው። የ19 ሚ.ሜ.ው «አገር ስጠኝ» በእጅ ቢጻፍ ግን ከማንኛውም ፎንት ይበልጣል፤ ስድስት ፊደል ነው፣ ለጻፊ የግማሽ ቀን ሥራ አይሆንም።

ሦስተኛ፣ ፋይሉ ማተሚያ ቤት ሲደርስ። በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ጽሑፍ ሲከፈት ፎንቱ ከሌለ የላቲን ፊደል ዝባዝንኬ ሆኖ ይወጣል፤ የባሰው ደግሞ በከፊል ተቀይሮ ሲወጣና ሳይታይ ሲታተም ነው። ሁሉንም በዩኒኮድ ጻፉ፤ ከመላካችሁ በፊት ወደ ከርቭ (ፎንት ወደማይፈልግ ቅርጽ) ቀይሩት። ኮረል ላይ ኮንትሮል ኪው፣ ኢላስትሬተር ላይ ኮንትሮል ሺፍት ኦ ነው። ከርቭ ያልሆነውን ኮፒ ለብቻው አስቀምጡ፤ ከዚያ በኋላ ፊደል ማረም አይቻልም።

ትንንሽ ጥቁር ጽሑፍ ከኬ 100 (ከማተሚያው ጥቁር ቀለም) ብቻ ይሠራ። ከአርጂቢ (ከስክሪን ቀለም) የተቀየረ ጥቁር በአራቱም ቀለም ይከፋፈላል፤ ከአራቱ ፕሌት (የማተሚያ ሰሌዳ) አንዱ ሩብ ሚሊ ሜትር ከዞረ ፊደሉ ጥላ ያወጣል። ሰፊ ጥቁር ጀርባ ከሆነ ግን ኬ ብቻውን ግራጫ ይመስላል፤ ሲ (ሲያን) 40፣ ኤም (ማጀንታ) 30፣ ዋይ (ቢጫ) 30፣ ኬ 100 በመቶ አድርጉት። ብሊድ (ከመቁረጫው መስመር አልፎ የሚታተም ትርፍ) በየጎኑ 3 ሚ.ሜ.፣ ጽሑፍ ከመቁረጫው መስመር ቢያንስ 4 ሚ.ሜ. ወደ ውስጥ።

ፎቶ በቴሌግራም አትቀባበሉ፣ ወይም ስትልኩ እንደ ፋይል ላኩት። እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቃል፤ ረጅሙ ጎኑ 1280 ፒክሰል የሆነ ፎቶ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጠብጣብ) 10.8 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ለኤ4 2480 በ3508 ፒክሰል ያስፈልጋል። ስልክ ላይ ጥርት ብሎ ታይቶ ወረቀት ላይ የሚደበዝዘው በዚህ ነው።

ባርኮዱን በተመለከተ፦ ኢኤኤን-13 (ባለ 13 ቁጥሩ የሸቀጥ ባርኮድ) በሙሉ ልኩ 37.29 በ25.93 ሚ.ሜ. ነው፤ እስከ 80 በመቶ ማሳነስ ይፈቀዳል፣ ያም 29.83 በ20.74 ይሆናል። መደርደሪያ_ፊት ባለው 40 በ30 ሣጥን ውስጥ በደንብ ይገባል። ይህ ልክ ከግራና ከቀኝ ያለውን ባዶ ቦታ ጨምሮ ነው፤ ያንን ባዶ ቦታ በጌጥ መስመር መንካት ዋናው የአለመነበብ ምክንያት ነው። ቁመቱን መቁረጥም ቀጥሎ ይመጣል። መስመሮቹን ቀይ ወይም ብርቱካን አታድርጓቸው፤ የስካነሩ ብርሃን ቀይ ስለሆነ ቀዩን መስመር ከነጩ አይለየውም።


ካርቶን_ቆራጭ፦

ከመደርደሪያ_ፊት ጋር በአንድ ነገር አልተስማማንም። ሦስቱን ቁጥሮች ከፓኬቱ ግርጌ ካደረጋችኋቸው ባንኮኒ ማሳያ ውስጥ ሲቆም የፊተኛው ከንፈር (የማሳያው አጭር የፊት ግድግዳ) ይሸፍናቸዋል። ወይ ከስሙ በላይ ውሰዷቸው፣ ወይ ከንፈሩ ላይ ድገሟቸው። መድገሙ ይሻላል፤ ፓኬቱ ብቻውን መደርደሪያ ላይ ሲቆም ግርጌው ትክክለኛ ቦታቸው ነው።

ማሳያውን ለ8 ፓኬት ሥሩት፤ ሁለት ጎን ለጎን፣ አራት ወደ ኋላ። የውስጡ ስፋት 66 ሲባዛ በ2 ማለትም 132፣ 4 ሚ.ሜ. መላወሻ ጨምሩ፣ 136። ጥልቀቱ 36 ሲባዛ በ4 ማለትም 144፣ 4 ጨምሩ፣ 148። ፊተኛው ከንፈር 25 ሚ.ሜ.፤ ጎኖቹ ከ25 ጀምረው ወደ ኋላ እያደጉ ይሂዱ። የጀርባው ጠቅላላ ቁመት 210፤ ከፓኬቶቹ በላይ 136 በ100 የሚሆን ራስጌ ይተርፋችኋል። ወለሉን በደረጃ ሥሩት፣ እያንዳንዱ ረድፍ ከፊተኛው 5 ሚ.ሜ. ከፍ ይበል፤ የመጨረሻው 15 ከፍ ብሎ ይቆማል። ካልሆነ የሚታየው የመጀመሪያው ረድፍ ብቻ ነው።

ክብደቱን አትርሱ። 63 በ88 የሆነ 310 ግራም ወረቀት አንዱ 1.7 ግራም ነው፤ 108ቱ 186 ግራም፣ ከፓኬቱ ጋር 205 ገደማ። ስምንቱ 1.6 ኪሎ ያልፋሉ። ይህንን በ300 ግራም ወረቀት ልሥራ ካላችሁ በሳምንት ውስጥ ጎኑ ይነፋል፣ ሆዱ ይወጣል። ኢ ፍሉት የሚባለውን 1.5 ሚ.ሜ. ገደማ የሆነ ቀጭን ሞገድ ካርቶን ተጠቀሙና 150 ግራም የታተመ ወረቀት ይለጠፍበት። ዲዛይነሮች የሚስቱት እዚህ ጋ ነው፦ ስዕሉን በውስጥ ልክ ይሠሩና የካርቶኑን ውፍረት አይጨምሩም። በሁለት ጎን 3 ሚ.ሜ. ሲጠፋ 4ቱ መላወሻ አለቀ፣ ፓኬቱ እየተፋቀ ይገባል፣ ሲወጣም ማሳያውን አብሮ ይጎትታል።

ሌላው የማይታሰበው መውደቁ ነው። ገዢ የሚያነሳው ከፊት ነው። ፊተኞቹ ሲያልቁ ክብደቱ ሁሉ ኋላ ይቀራል፣ ላዩ ላይ ደግሞ ከፍ ያለ ራስጌ አለ፤ ትንሽ ሲነኩት ወደ ኋላ ይገለበጣል። ወለሉን ከጀርባው በ30 ሚ.ሜ. አሳልፉት፣ እግር ይሆነዋል።

ለሱቆቹ ከ8 እስከ 10 ማሳያ ይበቃችኋል። ለዚህ ቁጥር ዳይ (በአንድ ጊዜ የሚቆርጥ የብረት ቅርጽ) ማሠራት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ዲጂታል መቁረጫ ያለው ቤት፣ ካልተገኘም በካተርና በብረት ማስመሪያ በእጅ ይወጣል። የመታጠፊያው መስመር አስቀድሞ ተጭኖ ሳይሰረጎድ አይታጠፍ፤ በተለይ በዲጂታል የታተመ ጥቁር ገጽ ሲታጠፍ ይሰነጠቅና ነጩ ያፈጣል። ከሁሉ በፊት ምንም ያልታተመበት ነጭ ናሙና አሠሩ፣ ስምንቱን እውነተኛ ፓኬት ጫኑበትና አንድ ሌሊት ይደር። ጠዋት ጎኑን በማስመሪያ ለኩት።


ትርንጎ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ስሙን «አገር ስጠኝ» አድርገነዋል። ሦስት ነገር ቀረኝ። ከሁለቱ መጻሕፍት መደብር አንዱ ባንኮኒዬ ላይ 14 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ቦታ የለኝም ብሏል። ኪውአር ኮድ ስለማስገባት ምን ትላላችሁ? ወደ አሜሪካ የሚሄደው 100 ፓኬትስ የተለየ ነገር ይፈልጋል?


ፊደል_ለቃሚ፦

ኪውአር ይግባ፣ ግን በልኩ። ፓኬት ላይ 20 በ20 ሚ.ሜ. ይበቃል። ከርቀት የሚነበብ ከሆነ ርቀቱን ለ10 አካፍሉ፦ ከ1 ሜትር እንዲነበብ 10 ሳንቲ ሜትር። ዙሪያውን የአራት ነጠብጣብ ያህል ባዶ ይተው፣ ጠቆር ያለው በነጣው ላይ ይሁን፣ መሐሉ ላይ አርማ ካላስገባችሁ ይመረጣል። አድራሻው ባጠረ ቁጥር ነጠብጣቦቹ ይሰፋሉ። «በነጻ» ኮድ የሚሠሩ ድረ ገጾች አንዳንዶቹ ኮዱን በራሳቸው አድራሻ በኩል ያዞሩታል፤ የሙከራ ጊዜው ሲያልቅ የታተመው 500 ፓኬት ሁሉ ወደ ባዶ ገጽ ይወስዳል። አድራሻችሁን በቀጥታ የያዘ ኮድ አሠሩ።

ሲከፈት ምን ይምጣ? ቪዲዮ ከሆነ ከ40 ሰከንድ አይብለጥ፣ ያለ ድምፅም ትርጉሙ ይግባ። ሱቅ ውስጥ ቆሞ ዳታውን ለማስታወቂያ የሚያቃጥል የለም። ደንቡን ኪውአር ውስጥ ብቻ ማስቀመጥ ግን ነውር ነው፤ በወረቀት ፓኬቱ ውስጥ ይኑር።


ከሲልቨር_ስፕሪንግ፦

ስለ አሜሪካው፦ «ከ10 ዓመት በላይ» የሚለው ቁጥር እዚህ ጌጥ አይደለም። በዋናነት ለ12 ዓመትና ከዚያ በታች ልጆች የተዘጋጀ ዕቃ በሕጉ የልጆች ዕቃ ነው፤ በታወቀ ላቦራቶሪ መመርመር፣ የምስክር ወረቀትና የት መቼ እንደተሠራ የሚናገር ምልክት ዕቃውና ማሸጊያው ላይ ይፈልጋል። የቦርድ ጌም አሳታሚዎች ብዙ ጊዜ 14 ዓመት የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው። ቁጥሩን መቀየር ብቻውን ግን አያድንም፤ ሥዕሉ የልጅ ከሆነ፣ የሚሸጠው በልጆች መደርደሪያ ከሆነ፣ የተጻፈው ዕድሜ ብቻ አይታይላችሁም። የእናንተ ጨዋታ ለአዋቂም ለልጅም እኩል ከሆነ ሥዕሉም ጽሑፉም ያንን ይምሰል። በነገራችን ላይ ወረቀትና ተራ የአራት ቀለም ሕትመት ከእርሳስ ምርመራ ነጻ ናቸው፤ ልዩ የተቀላቀለ ቀለም ግን አይደለም። ስለዚህ ወርቃማ ፎይልና ልዩ ቀለም ካሰባችሁ ለአሜሪካው ተዉት።

የተሠራበት አገር በእንግሊዝኛ በግልጽ መጻፍ አለበት። ባርኮዱ ችግር የለበትም፣ 13 ቁጥሩ እዚህም ይነበባል።

ጽሑፉ በሁለት ቋንቋ ይሁን፣ ግን እኩል አይሁን። እዚህ ገዢው ብዙ ጊዜ ወላጅ ነው፤ የሚማርከው አማርኛው ነው። ልጁ ግን ሊያነበው ላይችል ይችላል። ፊቱን አማርኛ አድርጉትና «እንዴት ይነበባል» የሚለውን በላቲን ፊደል ከሥሩ አስገቡ፤ ጀርባው ላይ ሁለት መስመር እንግሊዝኛ ይበቃል። ካርዶቹ አማርኛ ብቻ ከሆኑ ያንኑ በእንግሊዝኛ ጻፉ፣ አለበለዚያ ዕቃው ተመልሶ ይመጣል። ለዋጋ ስታስቡም ሱቁ በችርቻሮው ዋጋ ግማሽ አካባቢ ሊገዛችሁ እንደሚጠብቅ አትርሱ፤ በአከፋፋይ በኩል ከሆነ ከዚያም ይወርዳል።


ዳማ_በቆርኪ፦

ፖስተሩን እንዲህ አትናቁት። ትክክለኛ ቦታው ሱቅ ሳይሆን ጨዋታው የሚጫወትበት ነው፦ ቡና ቤት፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የትምህርት ቤት ክበብ። ኤ3 ይሁን፣ ኤ2 አይሁን። አንድ እንቆቅልሽ በትልቁ ይጻፍበት፣ መልሱ አይኑር፣ ከሥር የሚሸጥባቸው ሱቆች ስም ይኑር። ቀን አትጻፉበት፤ ቀን ያለው ፖስተር በማግስቱ ቆሻሻ ነው።


መደርደሪያ_ፊት፦

ኤ3ውን ተቀብያለሁ። የግርጌ ቁጥሮቹም ላይ ካርቶን_ቆራጭ ልክ ነው።

የመደርደሪያ ካርዱን ሳልጨርስ ነው የሄድኩት። ሱፐርማርኬቱ የዋጋ ሐዲድ (በመደርደሪያው ጠርዝ ዋጋ የሚሰካበት) ይኖረዋል፤ የብዙዎቹ ቁመት 39 ሚ.ሜ. ቢሆንም ሄዳችሁ ለኩት። መጻሕፍት መደብሮቹ ግን የእንጨት መደርደሪያ ነው ያላቸው፣ የሚሰካበት ሐዲድ የለም፤ በፕላስተር ከለጠፋችሁት ቀለሙን ይዞ ይነሳል፣ ባለ ሱቁም ይቆጣል። 100 ሚ.ሜ. ስፋት ያለው 300 ግራም ወረቀት ውሰዱ፣ 130 ርዝመት። በ60ው ላይ እጠፉት። 60ው መደርደሪያው ላይ ተኝቶ ፓኬቶቹ ይቆሙበታል፣ 70ው ከፊት ይንጠለጠላል። ማጣበቂያ የለም፣ ክብደቱ ይይዘዋል።

የሚንጠለጠለው ላይ አንድ እንቆቅልሽ ጻፉ። ለምሳሌ፦ «ሌት ተዘርግቶ፣ ቀን ተጠቅልሎ?» ከሥሩ በትንሹ «መልሱ ከፓኬቱ ሥር» በሉ። መልሱን፣ መኝታ፣ የፓኬቱ መቀመጫ ላይ አትሙት። ገዢው መልሱን ለማየት ፓኬቱን ማንሳት አለበት፤ ሲገለብጠው ጀርባውን ያነባል። የማስታወቂያው ሥራ እስከዚህ ነው፣ ዕቃውን እጅ ማስገባት። እንቆቅልሹ የሚያስቸግር ግን የሚታወቅ ይሁን። በጣም ከከበደ ሰው ይሸማቀቃል።

ክፍት ናሙና ስትሠሩ ሙሉ ፓኬት አትስጡ፣ ካርዱ እየጎደለ ያልቃል። ከማተሚያ ቤቱ ትርፍ ወረቀት 12 ካርድ መርጣችሁ ጥጉን ብሱ፣ በብረት ቀለበት እሰሩት፣ «ናሙና» የሚል ማኅተም ምቱበት፣ በገመድ ከመደርደሪያው ጋር ይንጠልጠል። ከ12ቱ ሁለቱ የአገር ካርድ ይሁኑ፤ ሥዕሉ የሚሸጠው ገዢው እነሱን ሲያይ ነው።

ለባለ ሱቁ የሚሰጠው ኤ4 አንድ ገጽ ብቻ ነው፣ ጀርባ የለውም። የጨዋታውን ውበት አትተርኩበት። የፓኬቱ ፎቶና ልክ፣ ችርቻሮ ዋጋና የእሱ መግዣ ዋጋ፣ 15 በመቶ ቫት ገብቶበት እንደሆነ ወይም እንዳልሆነ፣ ባርኮድ ቁጥር፣ በአንድ ማሳያ 8፣ በአንድ ካርቶን 6 ማሳያ የሚሞላ ማለትም 48 ፓኬት፣ ጠቅላላ ክብደቱ ወደ 10 ኪሎ ተኩል። ካልተሸጠ መልሳችሁ ትወስዳላችሁ ወይስ አትወስዱም? ይህንን በግልጽ ጻፉት። መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።

ለገና ፓኬቱን በወረቀት ቀበቶ እንጠቅልል እንዳትሉ። ስሙ ላይኛውን ግማሽ ይዟል፣ ከንፈሩ ግርጌውን ይሸፍናል፣ ለቀበቶ የሚተርፍ ቦታ የለም። ቀበቶው ለስጦታ ዕቃ ሱቁ ብቻ ይሁን፣ እዚያ ማሳያ ስለማይኖር። ርዝመቱ 204፣ 1 ላላ ማለቻ፣ 12 ማጣበቂያ፣ በጠቅላላ 217 ሚ.ሜ.። ለሌሎቹ የማሳያውን ራስጌ የሚሰካና የሚነቀል አድርጉትና «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚል ካርድ ለሁለት ሳምንት ይሰካበት። ከዚያ የተለመደው ይመለስ።


ካርቶን_ቆራጭ፦

ባንኮኒ ለጠበበበት ሱቅ ጎን ለጎን መሆኑን ተዉት፣ አንድ ረድፍ አራት ፓኬት አድርጉት። የውስጡ ስፋት 70 ይሆናል፣ ጥልቀቱ ያው 148፣ ከነካርቶኑ 73 በ151። ከስልክ ብዙም አይሰፋም፣ ካሸሩ አጠገብ ይገባል።

ራስጌውን ግን 100 አታድርጉት። 70 ስፋት ያለው ነገር 210 ሲቆም ወደ ጎን ይወድቃል፤ ራስጌው 50 ይሁን፣ ስሙ ብቻ በሁለት መስመር ይጻፍበት። ወለሉ ሥር ከፊትና ከኋላ ባለ ሁለት ገጽ ማጣበቂያ ለጥፉ፣ መሸፈኛውን ሳትነቅሉ። ባለ ሱቁ ይነቅለው ወይ ይተወው ራሱ ይወስን። የተከፈለበትን ባንኮኒ ሳይጠይቁ ማጣበቂያ መቀባት አይገባም። አራት ፓኬት ቶሎ ስለሚያልቅ ደግሞ ማሳያው ወለል ላይ፣ ፓኬቶቹ ሲያልቁ በሚታይበት ቦታ፣ የምትጠሩበትን ስልክ ቁጥር አትሙት።